የመኪናዋ ሳል

ጋሽ ጆሮ ይህን ቅጽል ስም ያገኙት ሞተር ሳይከፍቱ፣ በማዳመጥ ብቻ በሽታውን ስለሚያውቁ ነው። ታዲያ የራሳቸውን መኪና ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስላት ኖረ! «ጋሽ ጆሮ፣ ኧረ ሽሮፕ ይግዙላት!» እያሉ ባልደረቦቻቸው ቢስቁባቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

አሁን ግን ሳሉ ብሶባት መስቀለኛ መንገድ መሃል ቀጥ ማለት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ጋራዡን የተረከበችው መካኒክ ልጃቸው ቆረጠች። «ወይ የአየር መለኪያው ይቀየራል፣ ወይ ቁልፉን ታስረክበኛለህ!»

አሮጌው መለኪያ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር እየገፋ የሚከፍተው መዝጊያ አለው። አዲሱ አንዲት የጋለች ቀጭን ሽቦ ብቻ ናት፤ አየሩ ባበረዳት ልክ መጠኑን ትናገራለች። ልጅቱ አዲሱን ገጥማ ስትጨርስ ሽማግሌው አጠገቧ ቆመው ንጹህ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። የፈሩት ሳሉ እንዳይጠፋባቸው ነው። ሳሉ የሟች ሚስታቸው ነበራ።

ልጅቱ የወለቀውን መለኪያ ሽፋን ፈልቅቃ አየች። የመዝጊያውን ስፕሪንግ የሚወጥረው ጥርሳም ክብ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ። ክቡ ግን ከነጥቡ ሁለት ጥርስ ተዛንፎ ታስሯል።

«አባዬ፣ ትክክለኛው ቦታ ምልክቱ ላይ አይደል እንዴ? ማን ነው ያዛነፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? በገዛ እጅህ? ጉድ እኮ ነው!»

«አንዴ አስተካክያት ነበር። ቀለሙ የእናትሽ ነው፤ ራሷ ናት ነጥቡን ያደረገችልኝ። መኪናዋ ጸጥ አለችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤት ስደርስ፣ እናትሽ ቱግ አለች። ‹እንደ ሌባ ሹልክ ብለህ መጣህ! ሳሏን ስሰማ አይደል እንዴ በር የምከፍትልህ?› አለችኝ። በማግስቱ መልሼ አዛነፍኩት።»

ልጅቱ የተዛነፈውን ክብ በጣቷ ነካ አደረገችው። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል።

«አሮጌውን ልመልሰው?»

«አይ የኔ ልጅ፣ አንቺን ደግሞ ሐዘን ላስቀምጥሽ? አስነሻት።»

ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ጆሮ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዳመጡ። «ንጹህ ነው» አሉ፤ በሙያቸው አይዋሹም።

ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ቤት ነዱ። የግቢው በር ፊት ሲደርሱ ቆሙ። አልወረዱም፣ ክላክስም አላደረጉም። መሪውን እንደያዙ የተዘጋውን በር አዩ።

«አባዬ፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«አልሰማችንም መሰለኝ» አሉ። ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸውና አቀረቀሩ።

ልጅቱ ወረደች። ገባችና የብረት በሩን ከውስጥ በሁለት እጇ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያም ወገቧን ይዛ፣ ቆጣ ብላ፣ «እንደ ሌባ ሹልክ ብለህ መጣህ!» አለች።

የማንንም ሞተር ድምፅ የማይስቱት ጋሽ ጆሮ፣ ማን እንደተናገረች ለአፍታ ተምታታባቸው።