በደንብ ከታሰረች

ፕላኑ ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጋ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ፊርማው ላይ ነው። የዋርሳዋ ፊርማ! የባሏ ታላቅ ወንድም ራሱ ነድፎ አዲስ መጋዘን ሊያሠራ ነው፤ ግድግዳው የመሬት መንቀጥቀጥ ይችል እንደሆነ መርምራ ፈቃድ የምትሰጠው ደግሞ እሷ ነች። በገዛ እግሩ መጣላት።

ግድግዳዎቹ ቁርጥ ቀድሞ ያሠራውን ሕንፃ ይመስላሉ። ወለል ላይ ተኝተው ኮንክሪት ይሞላባቸዋል፣ ሲደርቁ በክሬን ብድግ ተደርገው ይቆማሉ። ቁመታቸው አንጋጥጠው የሚያዩት ነው፣ ውፍረታቸው ግን አንድ ስንዝር አይሞላም። ሰው ሁሉ ግድግዳ ጣሪያን የሚሸከም ይመስለዋል፤ በደህናው ቀን እውነት ነው። ምድር ስትናወጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያ ረጅም ግድግዳ ወደ ውጭ ልውደቅ ይላል፣ አልለቅም ብሎ የሚያስቀረው ጣሪያው ነው። የሚያስቀረውም በማሰሪያ ነው፤ በብረትና በብሎን። ጣቷ ፕላኑ ላይ እየተሳበ ማሰሪያው ጋ ደረሰ። ያው አጭር ብሎን፣ ያው ከላይ ከላይ የተቀበረ። ሰውየው ምንም አልቀየረም።

ባሏን የገደለው የዚያ የፊተኛው ሕንፃ ግድግዳ ነው። ባሏ የሕንፃው ፎርማን ነበር። ምድሪቱ ስትንቀጠቀጥ ሠራተኞቹን ወደ ደጅ ሲያስወጣ፣ ግድግዳው ከጣሪያው ተላቆ ላያቸው ላይ ወደቀ። ፍርስራሹ በወጉ ሳይመረመር ተጠርጎ ተጣለ። ታላቅ ወንድም ሆዬ ሲጠየቅ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "ዲዛይኑ ምንም አይወጣለትም፤ ፎርማኑ ብሎኖቹን ሳያጠብቅ ቀርቶ ነው" አለ። ሟቹ ተነሥቶ አይከራከረው ነገር!

ይባስ ብሎ አማቷም አመኑት። "የሰው ልጆች አስጨርሶ ሞተ" ብለው የትንሹን ልጃቸውን ፎቶ አወረዱ። እሷ ብትምል ብትገዘት፣ "ባልሽ ስለሆነ ነው" ይሏታል። ከዚያ ወዲህ ቂሟን እንደ ልጅ ስታሳድገው ኖረች።

አሁን "ማሰሪያው ያንሳል" ብላ ብትመልስለት፣ ድምፁን አጥፍቶ ያስተካክልና ስሙ እንደተከበረ ይኖራል። የእሷ ሰው ግን በእናቱ ልብ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ እንደሆነ ይቀራል። ምን ቆርጧት! ቢሮዋ ድረስ አስጠራችው።

"ጋሼ፣ ይቺ ማሰሪያ አታንስም?" አለችው፣ ድምጿን አለስልሳ።

"አንቺ ደግሞ! በደንብ ከታሰረች ዝሆን ትይዛለች።"

ይህን ቃል ነበር የምትጠብቀው።

"እንግዲያው ሳይት ላይ እንሞክራታ። በገዛ እጅዎ ያጥብቋት፣ እኛ እንስባት። እማዬንም ይዣቸው ልምጣ፤ የልጃቸውን ሥራ ይዩ እንጂ።"

ደረቱን ነፋ። "አምጫት!"

በተባለው ቀን ከግድግዳው እኩል ውፍረት ያለው፣ ያው አጭር ብሎን የተቀበረበት የኮንክሪት ቁራጭ ሳይቱ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። አማቷ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እሱም ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ብሎኑን በመፍቻ አጠበቀ።

"ጠበቀ ጋሼ? ኋላ ፎርማኑ ነው እንዳይባል።"

"ጠብቋል አልኩሽ!"

አማቷ ክፉኛ ገላመጧት። እሷ ግን ማሰሪያውን የሚጎትተውን ክሪክ ለያዘው ሠራተኛ ምልክት ሰጠችው። ያን ያህል ቁመት ያለው ግድግዳ ምድር ስትናወጥ ማሰሪያውን በምን ያህል ጉልበት እንደሚጎትት አስልታለች። ሠራተኛው መሳብ ጀመረ። ገና የዚያ ጉልበት ግማሹ ጋ ሳይደርስ፣ ጧ! ኮንክሪቱ ተቦድሶ ማሰሪያው ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ።

"ኮንክሪቱ ነው!" ብሎ ጮኸ ዋርሳዋ። "ያፈሰሰው ሰውዬ አበላሽቶት ነው!"

አማቷ ከሣጥኑ ተነሡ። ጎንበስ ብለው የተነቀለውን ብሎን በጣታቸው ለማዞር ሞከሩ። ንቅንቅ አላለም፤ እንደጠበቀ ነው። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት።

"ያፈሰሰው ሰውዬስ፣" አሉ፣ "እሱም ሞቷል?"

"ኧረ አለሁ እናቴ!" አለ አንድ ሠራተኛ ከኋላ። "ኮንክሪቱም ተመርምሮ አልፏል።"

የእሷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሊያሳዝናት ይገባ ይሆናል፤ ቅንጣት አላሳዘናት።

"ትንሹ ልጄ ያኔ አጥብቆት ነበር ወይስ አላጠበቀውም?" አሉ እናቱ።

"አጥብቆት ነበር፣ እማዬ፤ እኔው ራሴ ዞሬ አይቼዋለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጮክ በል። ሠራተኛው ሁሉ ይስማ።"

ጮክ ብሎ ተናገረ። ክሪኩን የያዘው ሰው ሰማ፣ ኮንክሪቱን ያፈሰሰውም ሰማ፣ አማቷም ጃንጥላቸውን ጥለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

"አልሰማሁም ጋሼ" አለች እሷ። "እስቲ ይድገሙት።"