ክሬኑ ያረፈባቸው ፎቆች

ክሬኑ ከሞተ ሳምንቱ ነው፤ ከቀጮ ዓይን ግን ጠብ ያለች እንባ የለችም። ራሱንም ገርሞታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ተሸክመው አብረው ፎቅ ሲወጡ ሲወርዱ ኖረው፣ አሁን በሟቹ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ስለ ሶፋው ነው። ያ ሶፋ በዚህ ጠባብ በር እንዴት ገባ? እግሩን ፈተውት መሆን አለበት። ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ አለ በሆዱ።

ክሬኑ ብለው ስም ያወጡለት ጫኝና አውራጆቹ ናቸው፤ ደግሞም ክሬን ነበር። ቁም ሳጥን ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ የሚጫነው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው። ታዲያ ማን ከታች ይሁን ብለው ተጨቃጭቀው አያውቁም፤ ክሬኑ ቀድሞ ጎንበስ ይላል፣ አለቀ! ቀጮ ከላይ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣል። ፊቱን እንኳ አያየውም፤ ዕቃው ይጋርደዋል። የሚታዩት ጠርዙን ጨምድደው የያዙት ጣቶቹ ብቻ ናቸው። "ግራ... ቀስ... በላት!" ይላል ከታች። "እናሳርፍ" ግን ብሎ አያውቅም።

ከአንድ ቀን በስተቀር። ባለፈው ማክሰኞ አራተኛው ፎቅ ሊደርሱ ሲሉ፣ "ቀጮ፣ እስቲ እናሳርፍ" አለ። ታች ሹፌሩ ጡሩንባውን ያንባርቃል፤ ቀጮም ቸኩሏል። "ኧረ ባክህ! ሦስት ደረጃ ብቻ ቀርቶን?" አለው። ክሬኑ ጠርዙን እንደገና ጨመደደ። ወጡ። ከሰዓት በኋላ ክሬኑ ቤቱ ገብቶ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉ።

የክሬኑ ልጅ ውሃ ይዛ መጣች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ስምዎን አናውቀውም። አባባ 'ቀጮ' ነበር የሚልዎት።"

"ቀጮ ይበቃል።"

"ሐኪሙ ሸክም ተው ካለው ዓመት አልፎታል። እማማ አትሂድ እያለች ስታለቅስበት፣ 'ቀጮ እያለ ምን እሆናለሁ? በየፎቁ በግድ ያሳርፈኛል' ይላት ነበር። እኛም እርስዎን አምነን ተውነው።"

ቀጮ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ስለ ሐኪም የሰማው ነገር የለም። ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለም፣ ያ ድንጋይ! መናደድ ነበረበት፤ መደንገጥም። ምንም አልመጣለትም፤ ደንዝዟል። እውነቱን ልንገራት ብሎ፣ "ያን ቀን..." ሲል ልጅቷ ክንዱን ያዘችው።

"እማማም እሱን ልትጠይቅዎት ነው የምትጠብቀው።"

ሚስትየው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

"ያን ቀንስ አሳርፈኸው ነበር ወንድሜ?"

ቀጮ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"አዎ እትዬ። አራተኛው ፎቅ ላይ።"

"ቁጭ አለ?"

"አለ።"

"ውሃ ጠጣ?"

"ጠጣ።"

"ቆያችሁ?"

"እስኪበቃው ድረስ" አለ ቀጮ። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ሴትየዋ ሁለት እጁን ስባ ሳመቻቸው።

"አንተ ባትኖር ኖሮ" አለችው፣ "ገና ድሮ ነበር የሚሞትብኝ።"