ሞተር ያወጣው አልጋ

ባሌን ሰፈሩ «ፍሬቻ» ነው የሚለው። መኪና ሲነዳ በኖረበት ዘመን መታጠፊያው ገና ሩቅ እያለ ነበር ፍሬቻ የሚያበራው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ግን አብርቶ የማይታጠፍ ሰው ሆኖ አረፈው። «ነገ እነሳለሁ» ይላል፤ ነገ ይመጣል፤ እሱ አይነሳም።

ሐኪሙ ዳሌው እንደዳነ ነግሮናል። «የቀረው መራመድ ብቻ ነው። ተኝቶ ከከረመ ግን እግሩ ይሰንፋል፤ ያኔ እኔም አልመልሰውም» ብሎ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንዴ ለመቆም ሲሞክር ወድቋልና ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ሁለታችንም ፈርተን ከተቀመጥን ቤቱን ማን ይያዘው?

በዚህ መሀል የመኪናችን ሞተር አልዞርም ብሎ ቀጥ አለ። ልጄ ዳቦ ለየሱቁ የምታዳርሰው በእሷ ነው። ጋራዡ ደግሞ «ግቢያችን ሞልቷል፤ ሞተሩን ብቻ አውጥታችሁ አምጡልን» አለ። አውጥታችሁ አምጡ! የወተት ጥርስ መሰላቸው።

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያየውን ሁሉ ይለካል። እሱና ልጄ ኮፈኑን ነቀሉ፣ ውሃውንና ዘይቱን በባልዲ ቀዱ፣ ራዲያተሩን አወጡ። ሽቦ በፈቱ ቁጥር አማቼ በሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር ያስራል። እስከ ምሳ ሰዓት መኪናዋ ለሠርግ የተዘጋጀች መሰለች። የማንሻ ሰንሰለቱን፣ ፓራንኮውን፣ ከአንድ ግንበኛ ተዋስን። የሚንጠለጠልበት ግን ጠፋ። የበረንዳው ወራጅ በስብሷል፤ ዛፍ የለንም።

«ጠንካራ ብረት ነው የቸገረን» አለ አማቼ።

«አለ» አልኩ። «ሰው ተኝቶበታል እንጂ።»

አልጋችንን ስንጋባ ባሌ ራሱ ነው በወፍራም የውሃ ቧንቧ የበየደው። አራት ረጃጅም ቋሚ አለው፤ ከላይ ደግሞ ለአጎበር ብሎ ዙሪያውን በብረት አስሮታል። የጎን ብረቶቹ በቡሎን ስለሚፈቱ የመኪና አፍንጫ በመሀሉ ያስገባል። አማቼ ሜትሩን ይዞ ገብቶ፣ የተኛውን አማቱን ይቅርታ እየጠየቀ ለክቶ ወጣ።

«ይበቃል፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋል።»

«አባዬስ?» አለች ልጄ።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አልኩና የቡሎን መፍቻ ቁልፉን ከእጇ ተቀብዬ ገባሁ።

ባሌ ሲያየኝ ከወገቡ ቀና አለ።

«ደሞ ምን ልትሆኚ ነው?»

«አልጋውን ልፈታ።»

«እኔ ላዩ ላይ ነኝ እኮ!»

«አይቼሃለሁ።»

የአፉን ሁሉ ተናገረኝ። እኔም በምላስ አልታማም። በመጨረሻ በእኔና በአማቼ ትከሻ ተደግፎ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠ። አልጋው ወጣ።

አልጋውን ከመኪናዋ አፍንጫ በላይ አቁመው እግሮቹን ብሎኬት ላይ አስቀመጡ፤ ፓራንኮውንም ከላይ አንጠለጠሉ። ቆይቶ «ሰንሰለቱን ወደ ካምቢዮው አስጠጉት፣ ያለዚያ በአፍንጫው ይደፋል!» የሚል የባሌ ድምፅ ከመስኮቱ መጣ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

አማቼ ሰንሰለቱን ሳበ። ሞተሩ ትንሽ ተነሳና ቆመ። ሲጨምርበት መኪናዋ አብራ መነሳት ጀመረች። አልጋው አቃሰተ።

«ሁሉንም ፈትተናል እኮ!» አለች ልጄ።

«አውርደው! አውርደው!» ጮኸ ባሌ። «ከሥር የእኔ ብረት አለ!»

ድሮ የሞተሩ መቀመጫ ተሰንጥቆበት መለዋወጫ ሲያጣ፣ የራሱን ብረት ቆርጦ አስሮበት ኖሯል። ለማንም አልተናገረም፤ የእሱን መኪና ሌላ ሰው ይፈታል ብሎ መች አስቦ! አማቼ መኪናዋን በጎማዋ አሳረፋት። ልጄ መኪናዋ ሥር ተንጋላ ብትፈልግም ጭቃና ቅባት እንጂ ቡሎን አላገኘችም።

«ወደ ግራ! ግራ አልኩሽ! ኧረ ተዪው!» አለና ድምፁ ከመስኮቱ ጠፋ።

ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዟል። ልሮጥ ነበር፤ ራሴን በግድ ያዝኩ። ወንበሩን ይገፋል፣ ይራመዳል፣ ይሳደባል፣ ደግሞ ይገፋል። መኪናዋ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጁን አስገባና ሳያይ ዳሰሰ።

«አሥራ ሰባት ቁልፍ» አለ።

ቡሎኑ ወጣ። አማቼ እንደገና ሲስብ ሞተሩ የተረፈውን ዘይት እያንጠባጠበ ብቻውን ተነሳ። መኪናዋን ወደ ኋላ ገፋናት፤ ሞተሩ አልጋችን መሀል ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጄ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ። አማቼ ለሞተር የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን በነጭ ጋዝ እያጸዳ አጥሩን አሻግሮ አየ። በጎረቤታችን በበያጁ ግቢ ባለ ሦስት እግር የሞተር ማንሻ ቆሟል።

«እሱ ሰውዬ ያንን ለምን አላዋሰንም?»

ጠዋት አጥሩ ጋ ጠርቶ ውሰዱት ብሎኝ ነበር። አይ፣ እኛም አለን ብዬ መለስኩት።

«ተበላሽቶበት ነው» አልኩ።

«ሦስት ብረት! ምኑ ይበላሻል?»

ቁልፎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። አየኝ፣ አየኝና የድሮ ሳቁን ሳቀ። ወደ ቤት ላስገባው እጄን ዘረጋሁለት።

«ተዪ፣ እነሳለሁ» አለ። ተነሳም።