ፍሬን የሌላት ጀልባ

እትዬ ሞሚና ጀልባዋን ይዘው የመጡ ዕለት የቃሊቲ ሰው ሥራ ፈታ። ቀለሟ የተላላጠ፣ አፍንጫዋ የሾለ አሮጌ ፈጣን ጀልባ በተጎታች ላይ ሆና ከሲሚንቶ ጫኝ መኪኖች መሃል ስትወጣ ያየ ሁሉ እስከ ጋዲሴ ጋራዥ ተከተላት።

ጋዲሴ አባቷ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ በቆመው ጋራዥ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ስትፈታና ስትገጥም የኖረች መካኒክ ናት። የእትዬ ሞሚና ሦስት መኪኖች ከእሷ በቀር ሌላ እጅ አያውቁም። እጇን በጨርቅ እየጠራረገች ወጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጀልባ ነዋ! ከሐራጅ ገዛኋት።»

«ጀልባነቷስ ይታየኛል። ምን ሊያደርጉባት ነው?»

«አርባ ዓመት ሙሉ በአፋር በረሃ ጭነት ሳመላልስ ውሃ ሲያምረኝ ኖርኩ። አሁን በላዩ ልሂድበታ! ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሏል አሉኝ፤ መቼም አንቺ መላ አታጪላትም።»

ጋዲሴ ክዳኑን ከፈተች። ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ፣ ቢየላው፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። ቀዳዳው ቡጢ ያስገባል።

«እትዬ፣ ይሄ አልነከሰም። ሞቷል።»

«እንግዲያው ቅበሪውና ሌላ ግጠሚላት» አሉ እትዬ ሞሚና፣ ድንጋጤ ሳይታይባቸው።

ጎረቤቷ በያጁ ዘካሪያስ በጀርባው ተኝቶ ከተጎታቹ ሥር ገባና ወዲያው ጮኸ። «ውሃውን እየቀዘፈ የሚገፋትን ኤሊካ ሰርቀዋል! ከኋላ ባዶ ናት!»

ሌባውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲራገሙት ቆዩ። በኋላ ጋዲሴ በጀልባዋ ሆድ በኩል ወንፊት የመሰለ ነገር አገኘች፤ እጇን ሰድዳ ስትዳስስ ውስጥ የተደበቀ ፓምፕ ነው። የተሰረቀ ነገር አልነበረም። ጀልባዋ ከሥሯ ውሃ እየሳበች፣ በኋላዋ በኃይል እየተፋች የምትሄድ ናት።

ከተገለበጠ ፒካፕ ላይ የተረፈ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተገኘ። አሮጌውን በሰንሰለት ጎትተው አወጡ። አዲሱ ግን ከፓምፑ ዘንግ ጋር አልገናኝ አለ፤ ዘካሪያስ መሃል የሚገባ ማያያዣ ብረት ሠራለት። መጀመሪያ ሲያስነሱት ጀልባዋ ከነተጎታቿ ተንቀጠቀጠችና የሻይ ብርጭቋቸውን ከጠርዟ ላይ አራገፈች። ዘንጉ ጥቂት ተዛንፎ ነበር። ጋዲሴ ሁለት ቀን ሙሉ አስተካከለችው።

ራዲያተሩንም አውልቃ ጣለችው፤ ይህን ሞተር የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነውና። ጋራዡ ውስጥ ግን ሐይቅ ስለሌለ በርሜል ሞልተው በቱቦ አጠጡት። ሞተሩ እንዳገሳ፣ ጠጥቶ የጨረሰውን ውሃ በጭስ ማውጫው በማርሚታው በኩል በሩ ላይ በተሰበሰበው ሰው ላይ ረጨው። እትዬ ሞሚና ከራስ እስከ እግር በሰበሱ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተነሳች!» አሉ፣ ከሻሻቸው ላይ ውሃ እየጨመቁ።

እሁድ ጠዋት ቆቃ ሐይቅ ወረዱ። ዘካሪያስ ዳር ላይ ገመድ ይዞ ቀረ፤ «ሰው ያስፈልጋችኋል» ብሎ ነው እንጂ ፈርቶ አይደለም። ጋዲሴም ለመመለስ እግሯን ስታነሳ እትዬ ሞሚና ክንዷን ያዟት።

«ወዴት ነው? ሞተሩን ያሰርሽው አንቺ አይደለሽ? ካልገባሽ እኔም አልገባም!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም።»

«እኔስ እችላለሁ? የመንሳፈፊያ ጃኬትሽን አጥብቀሽ እሰሪ።»

ጋዲሴ መሪውን ይዛ ነዳጁን ረገጠችው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተስፈነጠረች። ያ ለስንት ቀን ያስጨነቃት ሞተር አንድ ወጥ ድምፅ እያሰማ ሲሠራ ስትሰማ ደስታው ፍርሃቷን አስረሳት። ብዙም ሳይቆይ ግን ከፊታቸው የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ብቅ አለች።

«ጋዲሴ፣ ሰዎች!»

የመኪና ልማዷ ነውና እግሯን ከነዳጁ ላይ አንስታ መሪውን ጠመዘዘች። ጀልባዋ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ወይ ፍንክች! በሌላው እግሯ ፍሬን ፈለገች።

«ፍሬን የላትም!»

«የት ረሳሽው?» አሉ እትዬ ሞሚና፣ ወንበሩን አንቀው።

ዓሣ አጥማጆቹ ተነስተው መቅዘፊያቸውን ያወዛውዛሉ። ያን ጊዜ ጋዲሴ ፓምፑ ትዝ አላት። ይቺ ጀልባ የምትታጠፈው በምትተፋው ውሃ ነው፤ ካልተፋች አትታጠፍም። ዓይኗን ጨፈነችና፣ ሹፌር ነኝ የሚል ሁሉ የማያደርገውን፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠችው። ጀልባዋ በጎኗ ተንሸራትታ ታጠፈችና ለሰዎቹ የገላ መታጠቢያ ውሃ ሰጥታቸው አለፈች።

እትዬ ሞሚና ሳቃቸው መለስ ሲል «በይ ተነሽ፣ እኔ ልንዳ» አሉ።

ነዱ። ሐይቁን ሦስት ጊዜ ዞሩት። አንዴ ጋዲሴ፣ አንዴ እሳቸው እየተቀያየሩ ሲሄዱ የነዳጁን ልክ ያየ አልነበረም፤ መሃል ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። የረጠቡት ዓሣ አጥማጆች ቀስ ብለው እየቀዘፉ መጥተው ገመድ ወረወሩላቸው።

«ምነው፣ ሞተሩ ተበላሸ?» አላቸው አንደኛው፣ ፈገግታውን መደበቅ እያቃተው።

ጋዲሴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ሞተሩ ምንም አልሆነም! ቤንዚን ነው ያለቀው፣ ቤንዚን!»