መሪው ወደ እኔ ሲገለበጥ

ባሌ ንጉሤ ሽማግሌ ላከብኝ። ልፍታህ ብዬው አይደለም፤ አውሮፕላን ላብርር ስላልኩ ነው።

የምሠራበት ካዚኖ በኮቪድ ሲዘጋ ዩኒፎርም ሰፊዎቹን በሙሉ አሰናበተን። እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አላውቅበትም። ሎን ማውንቴን ሰፈር አድናን የሚባል እዚሁ ስደት አገር የተወለደ አብራሪ አለ። እሱም ሥራ ፈቶ ጋራዡ ውስጥ የድሮ በራሪ ጀልባ አምሳያ ሲሠራ፣ የክንፏን ጨርቅ የሚሰፋለት ሰው አጣ። ከመቶ ዓመት በፊት አብራሪዎች ይሠለጥኑባት የነበረች ዓይነት ናት፤ ከታች ጀልባ፣ ከላይ ድርብ ክንፍ። መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መሪው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከመሃል ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል። መምህሩ ተማሪውን ሲያምነው መሪውን ወደ እሱ ይገለብጥለታል።

“ስፌቱን በነፃ፤ አንተ አስተምረኝ” አልኩት።

ክንፉን ሰፍቼ ጨረስኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ጎኑ ተቀምጬ ተማርኩ። መሪው ግን እጄ ሳይገባ ጸደይ መጣ። ዛሬ ይገለበጥልሻል በተባልኩበት ቀን ሌክ ሚድ ሐይቅ ዳር ሽማግሎቹ ጋሽ ግዛውና እትዬ ሸዋዬ ማስካቸውን አጥልቀው ቆመው አገኘኋቸው። ንጉሤ ከኋላቸው መሬት መሬቱን ያያል።

“ተቀመጡ እንጂ” አልኩ፣ ወንበር ዘርግቼ።

“እተወዋለሁ ካላልሽ አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ግዛው። “የልጅ ልጅ በምታዪበት ዕድሜ ምን ነካሽ?”

“ሽማግሌ አይመለስም፣ ጽጌወይን” አሉ እትዬ ሸዋዬ።

ደሜ ፈላ። ንጉሤ ሲፈራ ራሱ አይናገርም፣ ሰው ይልካል።

“እንግዲያው ቁሙ!” ብዬ ጀልባዋ ውስጥ አድናን ጎን ገባሁ።

ሞተሩ ከጀርባችን ጮኸ፤ ውሃው ፊቴን መታኝ፤ ከዚያ ድንገት ውሃው ከእግራችን ሥር ራቀ። ሽማግሎቹ ዳር ላይ እንደቆሙ ትንንሽ ሆኑ።

“እትዬ ጽጌ፣ ሬዲ ነሽ?” አለ አድናን። መሪውን ወደ እኔ ገለበጠው።

ፈራሁ። ግን እጄ የሰፋው ክንፍ ነው፤ ወደ ግራ ሳዘነብለው እሺ አለኝ። ሐይቁን ዞርኩት። እየጮህኩ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም።

ስንመለስ ጋሽ ግዛው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለዋል።

“እሺ ሳልል ተቀመጡ?” አልኳቸው።

“ስትዞሪ አየሁሽ፤ እግሬ ከዳኝ” አሉ።

ንጉሤ ጫማውን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገብቶ ክንፉን ያዘ።

“ብትወድቂብኝስ?” አለ።

“አሁን ገና ራስህ ተናገርክ። ነገም አበርራለሁ” አልኩት።