ዐሥራ አንድ ፊርማ

የእህቱ ልጅ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሥራ መሪው ገና ኮቱን አላወለቀም ነበር።

«ከወንዙ ማዶ ያለው ወርክሾፕ ነው ጋሼ። ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል።»

«ያ ጋራዥ የሚያህለው ቤት?»

«ጋራዥ ይሁን። እዚያ የሠራሁት ነገር በሳምንቱ ሲሰበር አየዋለሁ። እዚህ ወረቀት ሆኖ ይኖራል።»

ሥራ መሪው ቁጭ አለ። ሞረድ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሳ ወደ ፋብሪካው ስትመጣም እጇን ይዞ ያስገባት እሱ ነው። ልጅ የለውም። የእሷ መሄድ የሚያሳጣው አንዲት ሠራተኛ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ፋብሪካው የበር ቁልፍ ይሠራል። አንድ ጊዜ ከአገሩ በር ግማሹን የሚዘጋው የዚህ ቤት ቁልፍ ነበር። ዛሬም ወለሉ ያበራል፣ ሐኪም አለ፣ የጡረታው ነገር አያሳስብም። ግን ቁልፉ ያው የዛሬ ሃያ ዓመቱ ቁልፍ ነው። ገበያው አይወድቅም፣ አይነሣም፤ ደመወዝም እንደዚያው። ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮው፣ የበለጸጉ አገሮች ኢኮኖሚ ለምን ባለበት እንደሚረግጥ ምሁራን ሲከራከሩ ያሰማል። አንዱ ሕዝቡ አርጅቷል ይላል፣ ሌላው ወለዱን ያማርራል። ሠራተኞቹ ሾርባቸውን እያማሰሉ «እኛን ቢጠይቁን ምን አለበት?» እያሉ ይስቃሉ።

ነገሩ የጀመረው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። አዲስ የወጣ ቁልፍ በሙቀት ተጣብቆ አንድ ቤተሰብ ከነሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ተዘጋበት። ማንም አልሞተም፤ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውም አዲስ ነገር ብረት ከመንካቱ በፊት የዐሥራ አንድ ክፍሎች ፊርማ እንዲያገኝ ተወሰነ። ወረቀቱን ያረቀቀው ያን ጊዜ ወጣት የነበረው ይኸው ሥራ መሪ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጣበቀ ቁልፍ የለም። አዲስ ቁልፍም የለም።

ልጅቱ የነደፈችው አዲስ ቁልፍ ወረቀት ዐሥራ አራት ወር ዞሮ ያገኘው ስምንት ፊርማ ብቻ ነው።

«እስከ ዓርብ ታገሺኝ» አላት። «ራሴ ይዤው እዞራለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እዚህ ቤትማ እንቁላሉም ዐሥራ አንድ ፊርማ ይጠየቃል።»

ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ የሄደው የጥራት ተቆጣጣሪዋ ዘንድ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያ ሕፃን የተዘጋበትን ቤት በር ያስከፈተችው እሷ ነበረች።

«ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ» አለችው። «ሁላችንም ስንፈርም ነው ደግ። እኔ ከዘጠነኛው በፊት አልፈርምም።»

«ሎሚው እየዞረ ደረቀ እኮ።»

«ይድረቅ። የደረቀ ሎሚ ሰው አይዘጋም።»

ዘጠነኛው መስመር ላይ «ቦይለር ክፍል» ይላል። ሥራ መሪው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ውሃ እያፈላ ቤቱን ያሞቅ የነበረው ቦይለር ከተነቀለ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የድሮው ጠባቂው፣ ሁሉም ጋሽ እሳቱ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ባዶው ክፍል መሐል ንጹሕ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። የልጅቱ ወረቀት ቅጂ ፊታቸው ነው።

«ጋሽ እሳቱ፣ ይኼ እርስዎ ጋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

«ችግር አገኙበት?»

«ምን ችግር አገኛለሁ? ቦይለር የለ!»

«ታዲያ ለምን አይፈርሙም?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ? ቶሎ ከፈረምኩ ሥራ የለውም ይሉኛል። ፊርማዬ ከቀረ ደግሞ እኔም ቀረሁ። አንተ ነህ ስሜን እዚህ ወረቀት ላይ የጻፍከው፤ ስትነቅለው ቦይለሩን ነቀልክ እንጂ መስመሩን መች ነቀልክ?»

ሥራ መሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሊቆጣ ወርዶ ነበር፤ የሚቆጣበት ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ትንሽ ነገር በደግ ይጠብቃል፤ ጥበቃው ሲደማመር ነው ቤቱን ባለበት ያስቀረው። ዙሪያውን ቃኘ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ አየር ማስወጫው ደኅና ነው።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ።

«ወረቀቱ ይቅር አልልም» አለ። «ከግቢ የሚወጣ ቁልፍ ሁሉ ይፈረምበት። ከግቢ የማይወጣ ግን፣ እስከ ዐሥር ፍሬ ድረስ፣ ያለ ፊርማ ባዶው ቦይለር ክፍል ውስጥ ይሠራ። ይሰበር፣ እንየው።»

«ቢያስጠይቅስ?»

«እኔን ይጠይቁኝ። ያረቀቅሁትም እኔው ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ «ምድር ቤት ከሆነ…» አለ። ማንም ከማይደርስበት ቦታ የሚመጣ ጣጣ ቀላል መስሎት ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ ማታ የሥራ ጠረጴዛና ትንሽ ምድጃ ወረዱ። ልጅቱና ጋሽ እሳቱ ብረቱ እንዴት እንደሚሞቅ እየተጨቃጨቁ ሐሙስን ሙሉ ቁልፎቹን ሲሠሩ ዋሉ። ዓርብ ጠዋት ዐሥር ቁልፎች መፈተኛው ማሽን ላይ ተሰለፉ። ማሽኑ እየከፈተ፣ እየዘጋ ይቆጥራል። ተቆጣጣሪዋ «እግሬ ነው ያመጣኝ» ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ቆጠራው ሁለት ሺሕ ሳይደርስ የአንዱ ሞላ፣ የቁልፉን ምላስ የሚገፋው ጥምዝ ሽቦ፣ ተሰበረ። ከዚያ የሌላው። እስከ ምሳ አራቱ አለቁ። ሥራ መሪው የልጅቱን ፊት ማየት ፈራ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያስቀራት ያሰበበት ነገር እዚያው ፊቷ እየተሰባበረ ነው።

ጋሽ እሳቱ ስብርባሪውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት።

«ነግሬሽ ነበር። ብረቱን አግለሽ ዘይት ውስጥ ነከርሽው፤ ጥሩ። መልሰሽ ስታሞቂው ግን ቀለሙ ገለባ ሲመስል አወጣሽው። ሰማያዊ እስኪሆን መታገሥ ነበረብሽ። ሞላና አማት ሲቸኩሉባቸው ይሰበራሉ።»

«አማት የት አለኝና!»

«ትመጣለች፣ ምን ያስቸኩልሻል?»

ተቆጣጣሪዋ ሳቀች። ልጅቱ ስብርባሪውን ከሽማግሌው ተቀብላ አገላበጠችው፤ ከኪሷ እርሳስ አወጣችና የጠረጴዛውን ጠርዝ መጻፊያ አድርጋ ቁጥር መደርደር ጀመረች። ሥራ መሪው አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ። በዐሥራ አራት ወር ያላወቁትን በሁለት ቀን አውቀውታል፤ ይህን ሊላት ፈልጎ ተወው።

«ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «ከዚህ ቀጠን ያለ ሽቦ መጋዘን አለ?»

«አለ። መቼ ትፈልጊዋለሽ?»

«ሰኞ ጠዋት።»

ሥራ መሪው ሽቦውን ሊያመጣ ደረጃውን እንደ ወጣት እየዘለለ ወጣ።