አርባ ቀን ከወንዙ ወዲህ

አያ አድማሴ የውሻ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ከማንኩሳም ከደምበጫም ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ከቡሬ ወዲያ፣ ከዓባይ ማዶ ሳይቀር የሚመጣ አለ፤ ድሮ በበቅሎ፣ አሁን በባጃጅ። የመድኃኒቱን ሥር ወቅጠው በፍየል ወተት ያጠጡና አንዲት ትእዛዝ ያስከትላሉ፤ "አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር። ከተሻገርህ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ እኔ የለሁበትም።" ከሩቅ የመጣው ሁሉ ከመንደሩ ማደሪያ ለምኖ አርባውን ይቆጥራል።

የዳነው ዳነ። የሞተ እንደሆነ ግን አያ አድማሴ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና "ተሻግሮ ነው" ይላሉ። በየሸንተረሩ ውሃ በሚወርድበት በጎጃም ምድር አርባ ቀን ሙሉ አንድ ጅረት ሳይረግጥ የሚሰነብት ገበሬ ከየት ይገኛል? ቃላቸው መሬት ጠብ አትልም ነበር። ከሞቱት ውስጥ ከመደባቸው ያልወረዱ እንደነበሩ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ፤ ያወቁትንም በሆዳቸው ይዘው ኖሩ።

አምና የሞተው የተናኜ ባል ክንፈሚካኤል ነው። ተናኜ ሠላሳ ቀን ሙሉ ከአጠገቡ ሳትለይ አስታመመችው፤ ደጃፉንም አላለፈ። በቀብሩ ለት አልተሻገረም ብላ ታቦት ጠርታ ማለች። አያ አድማሴ እንደ ልማዳቸው "ተሻግሮ ነው" አሉ። በዚያች ቃል ተናኜ ባል ገዳይ ሆነች። የባሏ ወንድሞች መሬቱን አረሱት፤ ሁለቱን ልጆቿንም "ከአንች ጋር አያድጉም" ብለው ወሰዷቸው። እሷ ላህ ከሚባለው ወንዝ መሻገሪያ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ የሰው በርበሬ ስትለቅምና ስታሰጣ ትውላለች፤ በመንገድ ያገኛት ሰው እንኳ ሰላም አይላትም።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲጋመስ ገነነ ተነከሰ። ገነነ የአያ አድማሴ አንድ ልጅ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ የልጆች አባት። ከማንኩሳ ገበያ ሲመለስ ለሃጩን የሚያዝረከርክ ውሻ ዘሎ ጉንጩን ዘነጠለው። ሰው ውሻውን ገደለና ልጁን ደግፎ ወደ አባቱ ቤት አመጣው። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ አያ አድማሴ ምን ያድርጉ? ሥሩን ወቀጡ። ወተቱ ቢፈስባቸው ሰው በአባት አንጀት ተረጐመው። ገነነ አተላውን ሳያስቀር ጨለጠው።

በማግስቱ አያ አድማሴ ማንም ሳያያቸው ብቻቸውን ፍኖተ ሰላም ወረዱ። ጤና ጣቢያ ሲስተር እስከዳር የምትባል ነርስ ወንበር ሰጠቻቸው። የእብድ ውሻ መርፌ እንዳለ ጠየቋት።

"ለማን ነው አባቴ?"

"ለጎረቤት ልጅ።"

"የቱ ጋ ነከሰው?"

"ጉንጩን።"

የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች። "ዛሬውኑ ይምጣ፤ ቢዘገይ ነገ። ፊት ላይ ከሆነ ለአንጎል ቅርብ ነው። በሽታው አንዴ ከጀመረው የሚያድነው የለም፤ እዚህም የለም፣ ፈረንጅ አገርም የለም።"

"መርፌውን አንች ይዘሽልን ብትመጭስ?"

"ከበረዶ ከወጣ ይበላሻል። ደግሞ አንድ ቀን ተወግቶ የሚያበቃ አይደለም፣ አራት ጊዜ ነው፤ ቁስሉ ላይ የሚሰጥ ሌላም አለ። ስንት ባሕር በአውሮፕላን አቋርጦ፣ ከዚያ በመኪና፣ በረዶ ታቅፎ ነው እዚህ የደረሰልን። በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የከረመው መንገድም የተከፈተው በዚህ ሳምንት ነው፤ የነገውን አላውቅም። እናንተ ከወዴት ናችሁ?"

"ከላህ ማዶ።"

"ውሃው ሞልቷል እንዴ?"

"ከጉልበት በታች ነው።"

"እንግዲያውማ ምን ቸገረው።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው አይደለም። እዚያ እናንተ ዘንድ አንድ ሽማግሌ አሉ ይሉኛል፤ ሥር እያጠጡ ወንዝ አትሻገሩ የሚሉ። እንዳይደርሱበት አደራ።"

አያ አድማሴ መሬት መሬት አዩ። "አደራ" አሉና ወጡ።

እቤት ሲደርሱ ገነነ ጉንጩን በነጠላ ጠምጥሞ ከደጅ ተቀምጧል። ፍኖተ ሰላም ወርደን መርፌ እንወጋ ቢሉት፣ ባልቆሰለው ጉንጩ ሳቀባቸው።

"እየፈተኑኝ ነው አባየ?"

"አይደለም ልጄ። መድኃኒቱ ራሱ እኮ ተሻግሮ የመጣ ነው። እኔን ያስተማሩኝ የኔታ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ከሰከላ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ ወለጋ ወርደው ከአንድ ሽማግሌ የተማሩት ነው። ሥሩ ስንት ወንዝ ተሻግሯል።"

"ሥሩማ ይሻገር፤ የጠጣው ሰው ነው የማይሻገር። ክንፈሚካኤል ምን ሆኖ ሞተ?"

አያ አድማሴ ከአጠገቡ ተቀመጡ። "ክንፈሚካኤል አልተሻገረም።"

ገነነ ዞሮ አያቸው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ቢያዩ በወደዱ፤ ያዩት ግን ርኅራኄ ነው። "ለእኔ ስለፈሩ ነው ይህን የሚሉት። የሰው ልጅ ሲሆን ጨክነው ያዝዛሉ፤ የራስ ሲሆን እግር ይብረከረካል። እንዲህ ይሁን፤ ተናኜን እንጠይቃት። ያኔ ብትምል መሬቷን ለማትረፍ ነው ብያለሁ። አሁን የምታጣው የላትም። አልተሻገረም ካለች እሄዳለሁ።"

አያ አድማሴ ዱላቸውን ይዘው ወደ መሻገሪያው ወረዱ። ተናኜ በርበሬ እያገላበጠች ነበር፤ አልተነሣችላቸውም።

"እንደምን ዋልሽ ተናኜ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። መንገድ ጠፋብዎት እንዴ አያ አድማሴ?"

ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ የልጃቸውን መነከስ፣ የነርሷን ቃል፣ ገነነ ያለውን። በመጨረሻም "ባልሽ አልተሻገረም" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"እኔም አውቅ ነበር።"

እጇ በርበሬው ላይ ቆመ። "ከመቼ ጀምረው?"

"ያን ለታውኑ።"

"ያን ለታውኑ።" መልሳ ማገላበጥ ጀመረች። "እግርዎ ላይ ወድቄ ነበር። ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው፣ አንዲት ቃል ይተንፍሱልኝ ብየ። እግርዎን ነበር የሰበሰቡት።"

"በደልሁሽ። ልክስሽ። በሰንበቴው ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ ልጆችሽንም አስመልስልሻለሁ።"

"መቼ?"

"ልጄ ይሻገርልኝ እንጂ፣ ወዲያው።"

ተናኜ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። "ልጅዎ ከተሻገረ በኋላ" አለች ቀስ ብላ። እጇን ታጠበች፤ በቀሚሷ ጠረገች። "እሽ። ያምጡት።"

እሳቸው ይቅር ያለቻቸው መሰላቸው። ሽቅብ ሲወጡ ጉልበታቸው እንደ ጎረምሳ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ገነነ ወረደ። ጎረቤቱ አቶ ልዑልሰገድና ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ተከትለውታል። ከማዶ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል። ውሃው ጠጠሩ እስኪቆጠር ጠርቶ ይወርዳል። ገነነ ከዳር ቆመና ከወገቡ ዝቅ ብሎ ለተናኜ እጅ ነሣ፤ ሰላም ከነፈጓት ዓመት የሞላት ሴት ናት።

"ተናኜ፣ ክንፈሚካኤል አልተሻገረም ይላሉ አባቴ። አንች ነሽ ያስታመምሽው። በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

ተናኜ የተጠመጠመውን ጉንጩን አየች፤ ነጠላው ላይ ደም ደርቋል። ከዚያ ዓይኗን ወደ አያ አድማሴ መለሰች፣ ከእሳቸው ላይ ሳትነቅለውም ተናገረች።

"ተሻግሯል። በዚችው መሻገሪያ። እኔው ነኝ እጁን ይዤ ያሻገርሁት። አባትህ ልክ ነበሩ።"

"ዋሸች" አሉ አያ አድማሴ። "እመቤቴን፣ ዋሸች።"

"ኧረ አያ አድማሴ" አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ "በራሷ ላይ የሚዋሽ ሰው የት አይተው ያውቃሉ? ዓመት ሙሉ ተሻግሮ ነው ያሉት እርስዎ፤ ዛሬ አመንሁ ስትል ዋሸች የሚሉ እርስዎ።"

አባት የልጃቸውን ጋቢ ጨመደዱ። ገነነ ጣታቸውን አንድ በአንድ፣ እንዳያማቸው ተጠንቅቆ አላቀቀ። "አይዞዎት አባየ። አርባ ቀን ምን አላት።" ትከሻቸውን ሳመና ዳገቱን ወጣ። ሰዎቹም ተከተሉት። ባጃጁ ጥቂት ቆይቶ ዞሮ ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"ነፍስ እኮ ነው ተናኜ። እሱ ምን በደለሽ?"

"ምንም።" ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። "የእኔስ ልጆች ማንን በደሉ? ከሞተብዎት፣ ተሻግሮ ነው ይበሉ። ሰው እንደሆነ ያምንዎታል።"

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። አያ አድማሴ ከልጃቸው ደጅ አልጠፉም፤ ለመኑ፣ ገዘቱ፣ ተቆጡ፤ ገነነ እያባበለ ይመልሳቸዋል። ከተነከሰ በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ውሃ ስትሰጠው ጉሮሮው ታነቀ። ዋንጫውን ሲያይ ይንዘፈዘፍ ጀመር። የአባቱን እጅ ለመያዝ እየፈለገ፣ እንዳይነክሳቸው ፈርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሦስት ቀን እንዲህ ሰነበተና አለፈ።

ለቅሶው ላይ ሰው ምክንያቱን ፈልጎ አላጣም። "መሻገሪያው ድረስ አወረዱት" ተባለ። "የውሃው ትንፋሽ ነካው። አባትየው ናቸው ያረከሱበት፤ ሴትዮዋማ እውነቱን ነግራቸው ነበር።" ተናኜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትገባ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ተቀመጠችና እንደ ሰው ሁሉ አለቀሰች።

አያ አድማሴ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ስሙኝ" አሉ። "ልጄ አልተሻገረም። ክንፈሚካኤልም አልተሻገረም። ሥሩ አያድንም። አውቅ ነበር።"

ሰው አንገቱን ደፋ። አቶ ልዑልሰገድ ክንዳቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው። "ሐዘን ነው የሚያናግራቸው" አሉ ለአጠገባቸው ሰው። "ውሃ ስጧቸው።"

ከአጥሩ ውጭ ከደምበጫ የመጣ አንድ ሰው፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የፍየል ወተት በጠርሙስ ይዞ፣ ለቅሶው እስኪበተን ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።